ከላይ የምትቀመጠው ትንሽ ቅል

አሰለፈች አፏ አያርፍም። ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ዳር ከቀርከሃ የተሠራች ሱቅ አለቻት፤ ድምፅዋን ሳይሰማ ያለፈ መንገደኛ ካለ ጆሮው ይታይለት። «ና እስቲ ልጄ፣ ማር ቅመስ! ባትገዛም ግድ የለም፣ በሞቴ ቅመስ!» ትላለች። ቀምሶ ባዶ እጁን የሄደ ሰው ግን እስካሁን አልታየም።

አገሩ ክልል ከተባለ ወዲህ አሶሳ ከየቦታው በተመደበ መምህርና ሠራተኛ ተሞልታለች። እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ እያለ የቀርከሃ ቅርጫት፣ ቅል፣ የሸክላ ድስት፣ የደረቀ ባሚያ፣ በርበሬና ማር ይሸምታል። ከዚህ ሁሉ አሰለፈች በእጇ ያዘጋጀችው በርበሬዋን ብቻ ነው። የቀረው ከወንዙ ማዶ ካለው የበርታ መንደር፣ ከሂባ እጅ የሚመጣ ነው።

ሂባ ሐሙስ ሐሙስ በትከሻዋ ባጋደመችው እንጨት ግራና ቀኝ ዕቃዋን አንጠልጥላ ትመጣለች። ታራግፋለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ትሄዳለች። ቃል አታባክንም፤ አሰለፈች የሁለቱንም ድርሻ ታወራላታለች። በሰፈራ ከወሎ አብሯት የመጣው ባሏ የሞተባት ጊዜ፣ ሂባ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ሰባት ቀን አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ናት። አሰለፈች እሷን ከእህት አሳንሳ አታያትም።

ይህች ሂባ ቀረች። አንድ ሐሙስ፣ ሁለት ሐሙስ፣ ሦስት ሐሙስ። መደርደሪያው ተራቆተ። የሱቁስ ነገር ይሁን፤ አሰለፈችን እንቅልፍ የነሳት ሌላ ነው። ምን በደልኳት? ምን አልኩ? ብዙ ስለምታወራ፣ ካወራችው ውስጥ የትኛው እንዳስቀየማት ለይታ ማወቅ አቃታት።

ቅዳሜ ጧት የሂባ ባል ባቢከር አህያውን እየነዳ ሲያልፍ ወጥታ መንገድ ዘጋችበት።

«ወላሂ ሳትነግረኝ አትሄድም! ሂባ ምን ሆነች?»

ባቢከር መሬት መሬት አየ። «ሂባ ተቀየመ» አለ በመጨረሻ፣ ወንድና ሴት በማይለየው የበርታ አማርኛው። «ትንሽ ቅል፣ ከላይ ያለው። እሱ ያንተ ነበር። አንተ አልበላህም፤ ሸጥከው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በነሂባ ቤት ወግ፣ ዕቃውን ለሚሸጥለት ሰው የሚያስረክብ፣ ለዚያ ሰው አፍ የምትሆን አንዲት ነገር ከላይ ያስቀምጣል። ያንቺ ናት ብሎ አይናገርም፤ ስጦታን በአፍ መጥራት ጉራ ነው። ሂባም ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሊጥ በማር ወቅጣ በትንሽ ቅል ከላይ ስታስቀምጥ ኖራለች። በአሰለፈች አገር ደግሞ ስጦታ የሚሰጠው በልመናና በመሐላ ነው፤ ዝም ተብሎ የተቀመጠ ነገር ዕቃ ነው፣ ዕቃ ደግሞ ይሸጣል። መምህር አበጀ የሚባል ጣፋጭ ወዳድ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ይገዛታል። ከሳምንታት በፊት ሂባ ለባቢከር መድኃኒት ፍለጋ ወደ አሶሳ ስታልፍ፣ መምህሩ ያቺኑ ቅል ታቅፎ ከሱቁ ሲወጣ ዓይኗ አየ።

አሰለፈች ደረቷን መታች። «ውይ አፈር ልብላ!»

ወዲያው ሱቋን ዘጋች፣ በቅዳሜ ገበያ! መምህር አበጀ ደግሞ ሰዓቱን ጠብቆ ከተፍ አለ። «እትዬ አሰለፈች፣ የሰሊጧ ነገር ዛሬም የለችም?»

«ሂድልኝ፣ አንተ ሆዳም! የኔን ድርሻ ስትልስ ከርመህ!» አለችውና ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ትታው ወንዙን ተሻገረች።

ወሩ ረመዳን ነው። ሂባ ጥላ ሥር ተቀምጣ ቀርከሃ ትሰነጥቃለች። ስታያት ተነሣች፤ ምንጣፍ አነጠፈችላት፤ ቀዝቃዛ ውሃ አቀረበችላት። ፊቷ ግን አልተፈታም።

«አልጠጣም። ካንቺ ጋር ነው የምጠጣው» አለች አሰለፈች። «ሂባዬ፣ አላወቅሁም! የሚሸጥ መስሎኝ ነው። ምነው አንዴ እንኳ ብትነግሪኝ?»

«ይነገራል እንዴ?» አለች ሂባ ከልቧ ተገርማ። ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አንተ ክርስቲያን ነህ። የኔን እጅ ተጸየፍክ አልኩ።»

«እኔ! እኔ የወሎ ልጅ! የገዛ አጎቴ ሐጂ የሆነ! የእናቴን እጅ ልጸየፍ እንጂ ያንቺን?» ብላ አሰለፈች አለቀሰች።

ሂባ ቢላዋዋን አንሥታ ቀርከሃዋን መሰንጠቅ ቀጠለች። አሰለፈችም አልሄደችም። ፀሐዩ ያንን ቀን ሆነ ብሎ የዘገየ ይመስል ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ምላሷ ደርቆ ከላንቃዋ ተጣበቀና፣ ምን ይባላል፣ አሰለፈች ዝም አለች። ሂባ ሰረቅ አድርጋ አየቻትና ፈገግታዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

አዛን ተባለ። ውሃውን አብረው ጠጡ። ሂባ ለባሏ በትልቅ ሳህን አቀረበችለትና ሌላ ትንሽ ሳህን አሰለፈች ፊት አስቀመጠች፤ የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር።

«ይኼ ያንተ ነው። ሥጋ የለውም። ለብቻው ሠራሁ» አለች።

አሰለፈች ሳህኑን አየችው። ተቀይማ እያለች እንኳ፣ በጾም አፏ፣ ለይታ ሠርታላታለች። እጇን ወደ ሳህኑ አልዘረጋችም። ሂባ ይህን አይታ ፊቷ ጥቁር አለ፤ አሁንም አትበላልኝም ብላ ሳህኑን ልታነሣ ጎንበስ አለች።

«ተይው» አለች አሰለፈች። «በእጅሽ አጉርሺኝ።»

ሂባ ሳህኑን ተወችው። ከዚያ ቀርከሃ የተለተለውን እጇን ታጠበች፣ ገንፎውን ቆረሰች፣ ባሚያው ውስጥ ነከረች፣ ለልጅ እንደሚያጎርስ ሰው በግራ እጇ ከሥር ይዛ ወደ አሰለፈች አፍ አደረሰችው። ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ ትኩስም ነበር። የአሰለፈች እንባ ወረደ። ትኩስነቱ ነው እንዳትሉ፣ ለቅሶ ነው።

አላምጣ እንኳ አልጨረሰችም።

«ድገሚኝ» አለች።