መርዶ ነጋሪው ጄኔራል

በቢቸና ከተማ አንድ ጡረተኛ ጄኔራል አለ ከተባለ ብርጋዴር ጄኔራል አካለ ወልድ ናቸው። ጡረታ ግን የላቸውም። ሠላሳ ዓመት ያገለገሉት ጦር በግንቦት 1983 ሲበተን ደመወዙም ማዕረጉም ጡረታውም አብሮ ተበተነ። የቀረላቸው "ጄኔራል" የሚለው መጠሪያ ነው፤ እሱንም የአገሩ ሰው በቸርነቱ ተወላቸው እንጂ ማንም አልፈረመላቸውም። ስምንት ዓመት ታስረው ሲፈቱ እህታቸው ይርጋነሽ ከግቢዋ ጥግ ሁለት ክፍል ቤት ሰጠቻቸው። ጠዋት ጎመን ይኮተኩታሉ፣ ከቅዳሴ መልስ አጥር ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ስለ ጦርነቱ የሚጠይቃቸው ሰው ሲመጣ "ረስቼዋለሁ" ይላሉ። ምኑን ረሱት! ደክሟቸው ነው እንጂ።

በ1994 ዓ.ም. የጥር ማርያም ባለፈች በሳምንቷ ከሞጣ ሁለት እንግዶች መጡባቸው። አንዱ ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሌላዋ ሠላሳዎቹን የጀመረች፣ ነጠላዋን እስከ አፏ የተከናነበች ወይንእሸት የምትባል ሴት ናት። ይርጋነሽ ጠላ ቀዳችላቸው። ቄሱ ባርከው ጠጡ፤ ሴትየዋ ዋንጫውን እንደያዘች ቀረች።

"ጄኔራል፣ ያኔ ጦሩ ሲበተን በሞጣ አልፈው ነበር?" አሉ ቄሱ።

"አልፌያለሁ።"

"ገበያው ዳር አንዲት ሴት ጋቢዎን ይዛ ስለ ልጇ ጠይቃዎት ነበር?"

በዚያ ሰሞን መንገድ ዳር ያልቆመች እናት ማን ነበረች? ጄኔራሉ ሰባት ቀን በእግራቸው ተጉዘው፣ የገበሬ ጋቢ ደርበው፣ እግራቸው ቆስሎ ነበር ሞጣ የደረሱት። በየደረሱበት ሴቶቹ የሚያልፈውን ወታደር ሁሉ "የኔን ልጅ ታውቀዋለህ?" ይላሉ፤ ወታደሩ ሁሉ "አላውቅም" እያለ ያልፋል። ያቺኛዋ ግን ጋቢያቸውን ጨምድዳ ያዘችና አልለቅ አለች። አብሯቸው የነበረ ወታደር "ኧረ ተያቸው፣ ጄኔራል ናቸው!" ቢላት ጭራሽ አጥብቃ ያዘች። ያኔ እሳቸው አንድ ቃል ጣሉላት። "ደህና ነው፣ ይመጣል።" ሴትየዋ ጋቢያቸውን ለቃ እግራቸውን ሳመች። ጄኔራሉ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

"ትዝ ይለኛል" አሉ።

"ሀብትነሽ ትባላለች። ይህች የልጇ የባንተአምላክ ሚስት ናት። ልጁ ሞቷል፣ ጄኔራል። አብሮት የዘመተ ያየህ የሚባል የሰፈራችን ልጅ በእጁ አፈር አልብሶት ነው የመጣው። እኛም መርዶ ልንነግራት ሦስት ጊዜ ሄድን፤ ሦስቴም በዱላ መለሰችን። 'ጄኔራሉ በአፉ ደህና ነው ብሎኛል፤ ወታደር ይበልጣል ወይስ ጄኔራል?' ትላለች። ለዚህ ምን መልስ አለው? እርስዎ ቢቸና መኖርዎን የሰማነው ገና አሁን፣ ለንግሥ ከመጣ ሰው ነው።"

በዚያ አገር መርዶ ያልተነገረለት ሰው አልሞተም። ሁሉም ቢያውቅ እንኳ እናቱ ሳትረዳ ጥቁር የሚለብስ የለም፤ ፍትሐት አይደረግም፣ ተዝካር አይወጣም። ባንተአምላክም ከሞተ ወዲያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሞጣ በሕይወት ኖረ።

ወይንእሸት ያን ጊዜ ነጠላዋን ከአፏ ዝቅ አደረገች።

"የተጋባነው በቁርባን ነው። ሦስት ወር አብረን ኖርን፣ አሥራ ሦስት ዓመት ጠበቅሁት። የሚፈልገኝ ሰው አለ፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን እሱም እስከ መቼ ይጠብቃል? ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ። እማማ ሳትረዳ ከቤቷ ብወጣ ደግሞ ልጇን የገደልሁት እኔ ነኝ። አይሆንልኝም።"

"ቄስ" አሉ ጄኔራሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጁን አላውቀውም። ያን ጊዜም አላውቀውም ነበር።"

"ገምተናል" አሉ ቄሱ፣ ዋንጫቸውን እያዩ። "ግዴለም። ያን ጊዜ ደህና ነበር፣ ኋላ ነው የሞተው ይበሏት። እሷም ትረዳለች፣ የእርስዎም ክብር አይነካም።"

እንግዶቹ እንደወጡ ይርጋነሽ ወንድሟን ያዘቻቸው። "እንዳትሄድ! ከስምህ በቀር ምን ቀረህ? የጄኔራል ቃል ውሸት ነው ቢባል እዚህ አገር ፊትህን የት ታደርገዋለህ?" እውነቷን ነው። ጄኔራሉም እውነቷን እንደሆነ ያውቃሉ። ያም ሆኖ በሳምንቱ አንድ ቅያሪ ሸሚዝ በፌስታል ይዘው አውቶቡስ ተሳፈሩ። አውቶቡሱ ግንደወይን ላይ ጎማ ሊቀይር ቢቆም፣ ወርደው ዛፍ ጥላ ሥር ሆነው የቄሱን ቃል ተለማመዱት፦ ያን ጊዜ ደህና ነበር፣ ኋላ ነው የሞተው። ዱሮ ከሻለቃ እስከ ተራ ወታደር አሰልፈው ሲናገሩ ወረቀት አያሻቸውም ነበር። አሁን ለአንዲት ባልቴት የምትነገር አንድ መስመር አልያዝላቸው አለች።

መርዶ የሚነገረው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ማለዳ ነው። ሞጣ ሁሉም ተዘጋጅቷል። ጎረቤት ቤት ንፍሮው በድብቅ ሲቀቀል አድሯል፤ ዘመድ አዝማድ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከአጥሩ ኋላ ድምፁን አጥፍቶ ቆሟል። ሀብትነሽ ስትወድቅ የሚይዟት ሁለት ጎልማሶችም በሩ ግራና ቀኝ ተመድበዋል። ጄኔራሉ በሩን አንኳኩ።

ሀብትነሽ ወጣች። ጠጉሯ ነጥቷል፣ ዓይኗ ግን ደህና ነው፤ ወዲያው ለየቻቸው። ሌላውን ሽማግሌ በዱላ የመለሰች ሴት ፊቷ እንደ ሙሽራ ፈካ።

"መጣህ!" አለች። "አውቄ ነበር! ይዘኸው መጣህ?" ብላ ልጇን ፍለጋ በትከሻቸው ላይ አሻግራ አየች። ከኋላቸው ቄሱ ብቻ ነበሩ። እሷ ግን አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ መንገዱን ደግማ አየች።

ጄኔራሉ በሕይወታቸው ብዙ ነገር አይተዋል። እንደዚያች አንገት የከበዳቸው የለም። ግንደወይን ላይ የተለማመዷት መስመር ከአፋቸው ጠፋች።

"እመት ሀብትነሽ፣ ልጅዎን አላውቀውም" አሉ። "ያን ቀንም አላውቀውም ነበር። ደህና ነው ያልኩዎት ጋቢዬን እንዲለቁኝ ብዬ ነው። ደክሞኝ ነበር።"

"አታውቀውም?"

"አላውቀውም።"

"መልኩንም?"

"መልኩንም አላየሁት። ያየህ የነገራችሁ እውነት ነው። ልጅዎ ሞቷል።"

ሴትየዋ አልወደቀችም። ጎልማሶቹ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ቀድማ የጮኸችው ወይንእሸት ናት፤ አሥራ ሦስት ዓመት የታመቀ ጩኸት ነውና ጎረቤቱ ሁሉ የሷን ድምፅ አላወቀውም። ከዚያ አጥሩ ኋላ ያለው ሰው ደረቱን እየመታ ገባ። ሀብትነሽ ቀስ ብላ ደፉ ላይ ተቀመጠች። "የአሥራ አንድ ዓመት የበዓል ድርሻውን አስቀምጬለት፣" አለች፣ "የአሥራ አንድ ዓመት!" እርሟን ማውጣት የጀመረችው እዚያው ነው።

ጄኔራሉ ሥራቸውን ጨርሰዋል። ሰዉ ከእንግዲህ ሲያያቸው ውሸታቸውን እንደሚያስታውስ፣ ማታ ሳይደርስ ወሬው ቢቸና እንደሚገባ ገብቷቸዋል። ፌስታላቸውን አንስተው በአጥሩ በኩል ሊወጡ ሲሉ ሀብትነሽ በለቅሶዋ መሐል ጠራቻቸው።

"ወዴት ነው?"

"ልሂድ። ከዚህ በላይ ፊትዎ አልቆምም።"

"የኔን ልጅ አላወቅኸውም። ይሁን። የማንን አልቅሰሃል?"

ጦር አዛዥ አያለቅስም፤ የሙትና የቁስለኛ ቁጥር ይቀበላል፣ ለበላይ ያስተላልፋል። ኋላ እስር ቤት ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ጎመን ኮተኮቱ።

"ማንንም" አሉ።

"እንግዲያ ተቀመጥ።" በእጇ ያሳየቻቸው የለቀስተኛውን ወንበር አይደለም፤ የሐዘንተኞቹን አግዳሚ ነው፣ የልጁ አጎቶች የተደረደሩበትን። አጎቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ ኋላ ትንሽ ተጠጋጉላቸው። ጄኔራሉ ተቀመጡ። ለቀስተኛው እየመጣ "እግዜር ያጥናችሁ" እያለ ሲያልፍ እሳቸውንም "እግዜር ያጥናዎ" አላቸው። በአምስተኛው ወይ በስድስተኛው ላይ ዓይናቸው መፍሰስ ጀመረ፤ አላቆሙትም፣ ለማቆምም አልሞከሩም።

ወደ እኩለ ቀን ገደማ አንዲት አሮጊት ከለቀስተኞቹ ተለይታ መጥታ ጎንበስ አለችባቸው። ወሬው ገበያውን አዳርሷል ማለት ነው።

"ጌታዬ፣ የኔስ? ይስማው ይባላል። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው፣ ረዥም ነው። ያውቁታል?"

ድካሙ እንዳለ ነበር፣ እንደዚያ ቀኑ። ያች አሮጌ ቃልም ጫፏ ምላሳቸው ላይ ነበረች፤ አንዴ ብትወጣ ሴትየዋ እፎይ ብላ ትሄዳለች፣ እሳቸውም ያርፋሉ።

"አላውቀውም፣ እናቴ" አሉ። "ምን ዓይነት ልጅ ነበር?"

አሮጊቷ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ከልጅነቱ ጀመረችላቸው። ከኋላዋ ሁለት ሌሎች ሴቶች ቆመው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር።