የካርቶኑ ጥግ

ወደ አገር ቤት የሚላክ ካርቶን ጥጉ ባዶ ሆኖ ከሄደ፣ በእኛ በፊሊፒኖች ዘንድ ነውር ነው። እህቴ ሉዝቪሚንዳ ደግሞ ነውርን ከኃጢአት አብልጣ ትፈራለች። ሳሙናውን፣ ፎጣውን፣ የቆርቆሮ ሥጋውን ጠቅጥቃ ስትጨርስ አንዲት ጥግ ተረፈቻት። ከልጇ ከዳሊሳይ መደርደሪያ ላይ የቫይታሚን ብልቃጥ አንስታ ሸጎጠችበት። ካርቶኑ ሁለት ወር በመርከብ ተጉዞ አገር ቤት፣ ኢሎኢሎ፣ እናታችን ዘንድ ደረሰ።

ብልቃጡ ውስጥ የነበረው ግን ቫይታሚን አልነበረም።

ዳሊሳይን እኔ አክስቷ ነኝ ያሳደግኳት ብል አልዋሸሁም። ሃያ ዓመቷ ነው። አባቷ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ እዚህ አሜሪካ፣ ቫሌሆ ከተማ፣ እንዲህ ያለ ቅልቅል ልጅ ብርቅ አይደለም። የእኛ ዘመዶች አፍ ግን አያርፍም። አንደኛ ስትወጣ "በእናቷ ወጥታ ነው" ይላሉ፤ ሁለተኛ ስትወጣ "ያው የአባቷ ነው።" ምላሳቸው ይቆረጥና! ልጅቷም ሁልጊዜ አንደኛ መውጣት ያዘች። ሐኪም ለመሆን ትማራለች፣ ከትምህርት መልስ ትሠራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሁላችንንም በሳቅ ትገድለናለች። እኔ ሠላሳ ዓመት ነርስ ሆኜ፣ መክሳቷን "ጥናት ነው" ብዬ አለፍኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለእኔ ነው።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሃያ የምንሆን ዘመዳሞች እህቴ ሉዝ ሳሎን ተሰብስበን ኑድላችንን እየበላን፣ እናቴን በትልቁ ቴሌቪዥን ደወልንላት። እሷ ጋ እሑድ ጠዋት ነው።

"ካርቶኑ ትናንት ጠዋት ገባ!" አለች እናቴ። "ሉዝዬ፣ ለዚህች ቫይታሚን ደግሞ ተባረኪ። ለጉልበቴ ነው አይደል?" ብልቃጡን ስልኩ ላይ ለጥፋ አሳየችን።

የዳሊሳይ ሹካ ከእጇ ወደቀ።

"ሎላ!" አለች፤ አያቷን የምትጠራት እንደዚያ ነው። "እሱን እንዳትወስጂው! ጊዜው አልፎበታል።"

"ሆሆይ! ጊዜው ያለፈበትማ እኔ ነኝ። እዚህ አምስት ዓመት ያለፈበት እንውጣለን፣ የሞተ የለም።" ሳሎኑ በሳቅ ፈነዳ። "ደሞ ብቻዬን መሰለሽ የምበላው? ለቄሱ አድያለሁ፣ ለዓሣ አጥማጁ አድያለሁ፣ ለዚያች እርጉዝ ምራቱም ሁለት ሰጥቻታለሁ።"

የካርቶን በረከት ለብቻ አይበላም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ዳሊሳይ ብቻ ረስታው ነበር።

እኔ ብሆን ሌላ ውሸት እፈልግ ነበር። "ፋብሪካው ሰብስቡ ብሏል" ማለት ይቻላል እኮ። እሷ ግን ተነስታ ቴሌቪዥኑ ፊት፣ ሁላችንም በምናያት ቦታ ቆመች።

"ቫይታሚን አይደለም። የእኔ ነው። ሐሳባቸውን መሰብሰብ ለሚቸግራቸው ሰዎች ሐኪም የሚያዝዘው ክኒን ነው። ለእኔ ማንም አላዘዘልኝም፤ ከክፍል ጓደኛዬ ነው የማገኘው። ሳልተኛ እንዳጠና ነው የምውጠው። ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ሎላ፣ ልብ ያስሮጣል፣ ያንቺ ልብ አይችለውም። እርጉዟም እንዳትነካው። አሥራ ዘጠኝ ፍሬ ነበር።"

ታላቅ ወንድማችን ቦየት "የእኛ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር አያውቁም" ብሎ አጉረመረመ።

"ዝም በይ አንቺ!" አለች ሉዝ። "በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?"

"የተበተነውም በሰው ፊት ነው፣ እማዬ።" ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። "ሎላ፣ ለሰፈሩ ሹም ንገሪው፣ በድምፅ ማጉያ ይለፍፈው። ስሜንም ይጥራ። ስሜ ከሌለበት ወሬ ነው ብለው ይውጡታል።"

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ በሰው ኮርቼ አላውቅም። ነርስ ነኝ፣ ደፋር አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።

እናቴ ሹሙ ጋ ልካ፣ ስልኩን ሳትዘጋ ቁጭ አለች። ወዲያው ድምፅ ማጉያው ሲያስተጋባ ቫሌሆ ድረስ ሰማነው። "ከወይዘሮ ፔሪንግ ቫይታሚን የወሰዳችሁ፣ ቫይታሚን አይደለም፣ መልሱ! አሜሪካ ያለችው የልጅ ልጃቸው ዳሊሳይ ራሷ ናት የተናገረችው!" ሰዉ አንድ በአንድ መጣ። ቄሱ ከነልብሰ ተክህኖው እየሮጠ ደረሰ። እርጉዟ ሁለቱንም ለባሏ ብላ በመሐረብ ቋጥራ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጣት። እናቴ ብልቃጡ ውስጥ ከቀሩት ጋር ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። አሥራ ስምንት ሆኑ።

"አንዷስ?" አለች ዳሊሳይ።

እናቴ ደረቷን መታ መታ አደረገች። "አንዷማ እዚህ ናት። ትናንት ካርቶኑን እንደከፈትኩ ነው የዋጥኳት።"

"ምን?! አሁኑኑ ጤና ጣቢያ!" ብዬ ጮኽኩ።

"እሄዳለሁ። ቀድሜ ብነግራችሁ፣ እናንተ ስትጮኹብኝ እርጉዟ ትውጠው ነበር።" ከዚያ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች፤ የምታየው ዳሊሳይን ብቻ ነበር። "ልጄ፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ ልቤ ሲደልቅ ዋለ። ካርቶኑን ሳይ ናፍቆታችሁ ተነሳብኝ ብዬ ነበር። አንዷ ናት እንዲህ ያደረገችኝ። አንቺ ይህንን ሁለት ዓመት ተሸክመሽ ነው ስታስቂኝ የከረምሽው?"

ያን ሁሉ ስትናገር አንድ እንባ ያልወጣት ልጅ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ ተንሰቀሰቀች። ነውር የምትፈራው እህቴም ሳህኗን አስቀምጣ፣ ያ ሁሉ ዘመድ እያየ፣ ወለሉ ላይ ወርዳ የሃያ ዓመት ልጇን እንደ ሕፃን አቀፈቻት።