መጀመሪያ ልብሱን አውልቁ

እኔ ሸዋረጋ ምላሴ አያርፍም፤ ቁስቋም ሰፈር አብሮኝ ያደገ ሁሉ ይህን ይመሰክራል። የጦር ነርስ ሆኜ ሃያ ሁለት ዓመት ሳገለግል አለቃ ፈርቼ የዋጥኩት ቃል የለም። ማዕረጌ ከመቶ አለቃነት ያላለፈውም ለዚሁ ነው። ይቅርብኝ!

በ1980 ዓ.ም. ጎንደር ባለ አንድ የጦር ሆስፒታል ለሕክምና ረዳቶች የሙያ ሥነ ምግባር አስተምር ነበር። ትምህርቱ ብዙ ነው፤ መጀመሪያው ግን አጭር ነበር። ቁስለኛ ሲመጣ ልብሱን በመቀስ ቀዳችሁ አውልቁ። ሁሉንም አንድ ዓይነት ብርድ ልብስ አልብሱ። ከዚያ ቁስሉን ብቻ አይታችሁ ተራ ስጡ። ቶሎ ካልታከመ የሚሞተው እጁ ላይ ቀይ ክር ይታሰርለታል፤ መቆየት የሚችለው ነጭ። ማዕረግ ያለው ልብስ ላይ ነው፤ ወገንና ጠላትም እንደዚያው። "ልብሱ ካልወጣ ዓይናችሁ ያዳላል" እያልኩ ጆሯቸው እስኪደነቁር ነገርኳቸው።

ወሬው የፖለቲካ ኃላፊው ሻለቃ አንዳርጋቸው ዘንድ ደረሰ። አንድ ጠዋት ክፍሌ ገብቶ ተማሪዎቼ ፊት፣ "መቶ አለቃ፣ ለወንበዴ ቅድሚያ ስጡ እያልሽ ታስተምሪያለሽ አሉ" አለኝ።

"ለሚደማው ነው ያልኩት፣ ጓድ ሻለቃ።"

"የሚታከመውን የሚመርጠው አብዮቱ ነው!"

"እንግዲያው አብዮቱ መጥቶ ፋሻ ይጠምጥምልኝ!"

ኧረ ጉድ! አፌ ነው የተናገረው እንጂ እኔ አይደለሁም። ሻለቃው ጥርሱን ነክሶ፣ "አርብ እኔ ራሴ እፈትናቸዋለሁ። አንዱ እንኳ አንቺ እንዳልሽው ከመለሰ ትምህርቱ ይዘጋል፣ አንቺም ለጥያቄ ትቀርቢያለሽ" ብሎ ወጣ።

በዚያ ዘመን ለጥያቄ የቀረበ ሁሉ አይመለስም። ፈራሁ፤ ምን እዋሻለሁ። ግን እኔን ለማዳን ብላችሁ ዋሹ ማለት ሞት ሆነብኝ። ሐሙስ ዕለት "የተማራችሁትን መልሱ" ብዬ ሃያዎቹንም አሰናበትኳቸው።

አርብ ፈተናው ሳይጀመር ከዛሪማ ግንባር ቁስለኛ የጫኑ ሁለት መኪናዎች ግቢው ገቡ። አሥራ አንድ ሰው ይዘዋል። ቀዶ ሐኪም ያለን አንድ፣ የቀዶ ጥገና ጠረጴዛም አንድ! ይመኙሽ የምትባል፣ ከክፍሉ ሁሉ ዝምተኛዋ ልጅ፣ ማንም ሳያዛት መቀሷን ይዛ ሮጠች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። እኔ ሆን ብዬ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ሲጨርሱ አሥራ አንዱም በአንድ ዓይነት ግራጫ ብርድ ልብስ ተሸፍነው ተኝተዋል፤ የሁለቱ እጅ ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

ሻለቃው ደረሰ። "ከእነዚህ አንዱ ምርኮኛ ነው ተብሏል። የትኛው ነው?"

"አልጠየቅኩም፣ ጓድ ሻለቃ" አለች ይመኙሽ።

"ሌሎቻችሁስ?"

"አልጠየቅንም!" አሉ አሥራ ዘጠኙ ባንድ አፍ።

የአንገቱ ሥር ተገታተረ። በቁስለኞቹ መሐል ሲዞር ቆይቶ ቀይ ክር ከታሰረላቸው አንዱ ጋ ቆመ። ሰውዬው ፀጉርና ጢሙ አድጎ ፊቱን ሸፍኖታል፤ ከስቷል፤ ጭኑ ላይ ያለው ፋሻ በደም ርሷል።

"ይሄ ጎፈሬ የወታደር ነው? ወንበዴው ይሄው! ክሩን ፍቺና ወደ ኋላ አድርጊው።"

ይመኙሽ ቁስለኛው ራስጌ ቆመች። "ቁስሉ ያው ነው፣ ጓድ ሻለቃ። አልፈታም።"

ራሱ ሊፈታ ጎንበስ ብሎ ክሩን ያዘ። ያኔ ቁስለኛው ዓይኑን ገለጠ።

"ምነው፣ ጓድ ሻለቃ?" አለ በደከመ ድምፅ። "ነጋ ነኝ እኮ። ሾፌርዎ።"

ነጋ አራት ዓመት የሻለቃውን መኪና ያሽከረከረ ሰው ነው። ከሦስት ወር በፊት በደፈጣ ጠፍቶ፣ ሞቷል ተብሎ ሻለቃው ራሱ አልቅሶለታል። ለካ ተማርኮ ኖሯል፤ ሲያመልጥ ነበር ጭኑን የመቱት። ሻለቃው ክሩን ለቀቀው። ከዚያ "አስገቡት! ቶሎ በሉ!" ብሎ ጮኸና የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ራሱ አነሣ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ግን ገና ሁለተኛው ቀይ ክር አለ። ደረቱን የተመታ ሰው ነው፤ ነጋን አስገብተው ሲመለሱ ቀና ለማለት ታገለና፣ "ሌላ ሰው አትጠርጥሩ። ምርኮኛው እኔ ነኝ" አለ።

እኔም ዓይኔን ሻለቃው ላይ ተክዬ፣ "ይሄኛውስ፣ ጓድ ሻለቃ? ፈተናው የእርስዎ ነው" አልኩት።

እጁን አየ፤ የነጋ ደም ገና አልደረቀበትም።

"ክር ታስሮለት የለም እንዴ?" አለ ቀስ ብሎ። "በተራው ይግባ።"

ሁለቱም ዳኑ። ሃያዎቹም አለፉ። ይመኙሽ ላይ ግን ሁለት ማርክ ቀንሻለሁ፤ የአንዱን ቁስለኛ ካልሲ ማውለቅ ረስታ ነበር!

የሚቀጥለው ዙር ተማሪዎች የገቡ ዕለት ክፍሌ ስደርስ ሻለቃው ቀድሞኝ ሰሌዳው ፊት ቆሟል። በቃ፣ ሊዘጋብኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

"መጀመሪያ ልብሱን አውልቁ" ይላቸዋል። "ከቁስለኛው ቢወልቅም እኔ ከዓይኔ ባለማውለቄ የገዛ ሾፌሬን ልገድለው ነበር።"

ዞር ብሎ ሲያየኝ ጠመኔውን ዘረጋልኝ። "ቀጥዪ፣ መቶ አለቃ።"

እንባዬን በመዳፌ ጠርጌ ቀጠልኩ።