ዋሱ የሳቁ ዕለት

አውቶቡሱ ከደባርቅ ወጥቶ የሊማሊሞን ቁልቁለት ሲጀምር፣ ረዳቱ ከሾፌሩ ራስ በላይ የተሰቀለችውን ቴሌቪዥን ከፈተና ድምፁን ለቀቀው። ባንቻየሁ ከልጇ ከማህደር በስተግራ ተቀምጣ እጇን ያዘች። ማህደር እጇን አላስለቀቀችም፤ ግን መልሳ አልጨበጠችም።

ወደ አዲ አርቃይ የሚወርዱት ማህደርን ለባሏ ለመመለስ ነው። ባሏ ኪዳኑ ወፍጮ ቤት አለው፤ ሰው ፊት ጨዋ ነው። ከሦስት ወር በፊት በጥፊ መትቷት ግራ ጆሮዋ መስማት ካቆመ ወዲህ እናቷ ቤት ነበረች። ባለፈው ማክሰኞ ሽማግሌ ተቀምጦ አስታረቃቸው። ኪዳኑ ለካሳ አዲስ ጋቢ ሰጠ። "ሁለተኛ እጁን ቢያነሳባት ተጠያቂው እኔ ነኝ" ብለው ዋስ የሆኑት የማህደር አጎት፣ አያ ሀብተ ሚካኤል ናቸው። ዛሬም ሊያስረክቧት ከፊታቸው ባለው ወንበር ተቀምጠዋል። ጋቢው በፌስታል ሆኖ ባንቻየሁ ጭን ላይ ነው።

ፊልሙ የከተማ ነው። ሚስቲቱ ቢሮ ትሠራለች፤ ስለዚህ መጥፎ ናት። ደመወዟ ከባሏ ይበልጣል፤ ስለዚህ ጭራሽ የለየላት ናት። የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ አንገቷን ደፍታ ወጥ ስለምትሠራ መልአክ ናት። በቃ፣ የሴት ዓይነት እዚህ ላይ አለቀ። ሰው ቁጭ ብሎ ይህን ለመጻፍ ወረቀት ማበላሸቱ ራሱ ያስጠላል።

ሚስቲቱ አምሽታ ገባች። ባልየው በጥፊ አጮላት። ድምፁ አውቶቡሱን ሞላው። ማህደር እጇን ከእናቷ ነጥቃ ጆሮዋን ሸፈነች፤ የማይሰማውን።

ተሳፋሪው ሳቀ። "የእጇን አገኘች" አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ።

"ደመወዟን አሁን ታሳየው እንጂ" አለች ሕፃን ያቀፈች ሴት፤ እሷም ትስቃለች።

ቀጥሎ በፊልሙ ውስጥ የሚስቲቱ እናት መጣች። "ልጄ፣ ቢመታሽም ስለሚወድሽ ነው። ትዳር ነው፣ ቻል አድርጊው" አለቻት።

ባንቻየሁ ክው አለች። ማክሰኞ ዕለት እሷ ለማህደር ያለችው ይኸንኑ ነበር፣ አንድ ቃል ሳይጎድል። ያኔ ምክር መስሏት ነበር። አሁን ከቴሌቪዥን ሲመጣባት የገዛ ንግግሯ አቅለሸለሻት።

ሚስቲቱ ተንበርክካ የባሏን እግር አጠበች፤ ዘፈን ተለቀቀ። አያ ሀብተ ሚካኤል ጭናቸውን መታ አድርገው ከት ብለው ሳቁና ወደ ኋላ ዞሩ።

"አየሽ ማህደር? አንድ ጥፊ ስንቱን ያቀናል።"

ማህደር በመስኮቱ ገደሉን ታያለች።

"አያ ሀብተ ሚካኤል" አለች ባንቻየሁ፤ "የልጄ ዋስ እርስዎ አይደሉ?"

"ነኝ እንጂ። ምነው?"

"ኪዳኑ ነገ ቢመታት ምን ያደርጉታል?"

"አይ አንቺ። እሱ ያለ ምክንያት አይመታ። እሷም እንደዚች አንገቷን ደፋ ካደረገች ምን ይፈልጋል?" በአገጫቸው ቴሌቪዥኑን አሳዩ።

ባንቻየሁ ከማክሰኞ ጀምሮ ተማምናበት እንቅልፍ የወሰዳት ዋስ ይኸው ነው።

"ወራጅ አለ" አለች።

ረዳቱ ዞረ። "እናቴ፣ እዚህ ገደል ላይ ማን ይወርዳል? የከፈላችሁት እኮ እስከ አዲ አርቃይ ነው።"

"ሁለት ነን። ቦታ ስታገኙ አቁሙልን።"

"ምን ነካሽ?" አሉ አያ ሀብተ ሚካኤል። "ሰዉ ድግስ ደግሶ እየጠበቀን? እኔንስ በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?"

ባንቻየሁ ወደ ልጇ ዞረች። "ትወርጃለሽ ወይ?" አለቻት። ማህደር አልሰማቻትም፤ ግን ቦርሳዋን አንስታ ቆማለች።

ሾፌሩ መታጠፊያውን ጨርሶ ዳር ይዞ አቆመ። ባንቻየሁ ፌስታሉን አያ ሀብተ ሚካኤል ጭን ላይ አስቀመጠች።

"ይኸን ለኪዳኑ ይመልሱልኝ" አለች። "ዋስነትዎንም እንደዚያው።"

አውቶቡሱ ፊልሙን ይዞ ቁልቁል ወረደ። እናትና ልጅ ወደ ደባርቅ የሚወጣ መኪና ለመጠበቅ መንገዱን ተሻገሩ። ባንቻየሁ በልጇ ግራ መቆሟን ስታስተውል ዞራ በቀኝዋ ቆመች።

"ማክሰኞ ያልኩሽን እርሺው" አለቻት።