ለጋሽ ባንተአምላክ የተላከው ታብሌት

የጋሽ ባንተአምላክ ምላስ ታሰረ የሚለው ወሬ አሰላ እህል ተራ ሲደርስ ብዙ ሰው አላመነም። ጋሽ ባንተአምላክ የእህል ደላላ ነበሩ። ከኢተያና ከሁሩታ ስንዴ ጭኖ የሚመጣውን ገበሬ በኦሮምኛ፣ ከአዳማ የሚመጣውን ነጋዴ በአማርኛ እያግባቡ፣ ተኳርፈው ሊለያዩ የደረሱትን ሰዎች እጅ ለእጅ አጨባብጠው የሚሸኙ ሰው ነበሩ። አንድ ማለዳ የጫማቸውን ክር ሊያስሩ ጎንበስ እንዳሉ ወደቁ። ከሆስፒታል ሲወጡ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አይታዘዝም። ከዚያ ሁሉ ንግግር የቀረቻቸው ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ "ቶሌ"።

ቶሌ በኦሮምኛ "እሺ፣ ይሁን" እንደ ማለት ናት። ድሮ ዋጋ ሲቆረጥ ነገሩን የሚዘጉባት ቃል ነበረች። አሁን ሲርባቸውም ቶሌ፣ ሲያማቸውም ቶሌ፣ ሲቆጡም ቶሌ ሆነ። ባለቤታቸው እትዬ ዘመናይ ምን ፈልገው እንደሆነ ሲገምቱ ይውላሉ። ውሃ ያመጣሉ፣ ትራስ ያስተካክላሉ፣ በር ይከፍታሉ። ግምታቸው ሲስት ጋሽ ባንተአምላክ በግራ እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ይመቱና ፊታቸውን ያዞራሉ።

ልጃቸው መክሊት ሥራዋ አዳማ ነው። ሥዕሉን ሲነኩት የሚናገር ፕሮግራም እንዳለ ከአንዲት ነርስ ሰማችና ያገለገለ ታብሌት ገዝታ በሚኒባስ ላከች። የላከችው ግን ለእናቷ አይደለም፤ ለረዲ ነው።

ረዲ መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል ይጠግናል። ከቡታጅራ አጎቱን ተከትሎ አሰላ ሲመጣ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። አሁን የሚሠራባትን ክፍል ፈልገው ያገኙለት ጋሽ ባንተአምላክ ነበሩ። አከራዩ "ይሄን ልጅ ማን ያውቀዋል?" ሲል፣ "እኔን ታውቀኝ የለ?" ብለው ቆሙለት። ከዚያ ወዲህ እህል ተራ ሲወጡም ሲመለሱም ሱቁ በር ላይ ሳይቆሙ አያልፉም ነበር።

"ረዲ፣ አንተ ካልሆንክ ማንም አያደርግልኝም" አለችው መክሊት በስልክ። "አባዬ እማዬን ውሃ ስጪኝ ቢላት እንኳ ይበቃኛል።"

"አታስቢ። ኢንሻ አላህ ይናገራሉ" አላት።

ታብሌቱ የአንድ ሕፃን ንብረት እንደነበረ ያስታውቃል። ጀርባው ላይ የመኪና ስቲከር ተለጥፎበታል፤ ሲበራም የመዋዕለ ሕፃናት የምረቃ ካባ ያጠለቀ ልጅ ሥዕል ብቅ ይላል። በጣት በሚሠመር ፓተርን ስለተቆለፈ ረዲ የጎን ቁልፎቹን ተጭኖ ይዞ ውስጡ ያለውን ሁሉ አጠፋና እንደ አዲስ አስነሳው። ሲነሳ የበፊቱን ባለቤት ኢሜይልና የይለፍ ቃል ጠየቀ። ያለዚያ ወደፊት አይሄድም። መክሊት ለሻጩ ስትደውል አላነሳም፤ በረዲ ስታስደውልለትም አላነሳም። ረዲ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ እያየው ለቀናት የሌላ ሰው ስልክ ሲጠግን ሰነበተ። በኋላ ሻጩ፣ የልጁ አባት፣ ራሱ ለረዲ ደወለ።

"ለምንድን ነው የፈለጋችሁት?" አለ ሰውየው፣ ጥርጣሬ ባለው ድምፅ።

ረዲ የጋሽ ባንተአምላክን ነገር ነገረው። ሰውየው ኢሜይሉን ሰጠውና፣ "የይለፍ ቃሉ የልጄ ስም ነው፤ ጻፍ" ብሎ ፊደል በፊደል ነገረው። ሲጨርስ፣ "እግዜር ይማራቸው በልልኝ" አለና ስልኩን ዘጋ።

ቁልፉ ሲከፈት ሌላ ችግር ብቅ አለ። ከስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ ወደ ውስጥ አንድ ጣት የሚያህል ቦታ ቢነኩት አይሰማም። መቀየሪያው አሰላ የለም፤ አዳማም አልተገኘም። ረዲ ይህንኑ ሊነግር ጋሽ ባንተአምላክ ቤት ሄደ። እትዬ ዘመናይ በር ላይ ቆመው ሰሙትና፣

"ቀኙ ምን ያደርግልሃል ልጄ?" አሉት። "ሳህን ሳቀርብለት እንኳ ግራ ግራውን በልቶ ቀኙን ይተወዋል። አያየውም። ሐኪሙም ነግሮኛል፤ ሳህኑን የማዞረው እኔ ነኝ።"

ረዲ ይህን ሲሰማ ልቡ ቀለል አለው። ሥዕሎቹን ሁሉ በግራ በኩል ደረደራቸው። ፕሮግራሙ ላይ ያሉት ሥዕሎች የፈረንጅ ቤት ሥዕሎች ስለሆኑ ተዋቸውና የቤቱን ዕቃ ራሱ ፎቶ አነሳ። ሰማያዊውን የውሃ ጆግ፣ ጋቢያቸውን፣ ሬዲዮናቸውን፣ የመጸዳጃ ቤቱን በር፣ መስኮቱን ፎቶ አደረገ። ለሕመም ምን ፎቶ እንደሚያነሳ ቸገረውና እትዬ ዘመናይን ግንባራቸውን እንዲይዙ ለምኖ እሱን አነሳ።

ቀጥሎ ድምፅ ቀረ። ታብሌቱ አማርኛውን ሲያነበው ከሰው አፍ የወጣ አይመስልም፤ ስለዚህ እትዬ ዘመናይ እንዲናገሩና ረዲ እንዲቀዳ ተስማሙ።

"ምን ልበል?" አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

"ውሃ ስጪኝ ይበሉ።"

"እኔ ራሴን ውሃ ልለምን?" ብለው ሳቁ። ጋሽ ባንተአምላክ ከአልጋቸው ዞር ብለው አዩአቸው። ጋሽ ባንተአምላክ ከታመሙ ወዲህ እትዬ ዘመናይ ሲስቁ ረዲ የሰማው ያን ጊዜ ብቻ ነው። "ውሃ ስጪኝ"ን፣ "ጋቢዬን"ን፣ "ሬዲዮውን ክፈቺ"ን ተናገሩ። "አመመኝ" የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረና ረዲ ደጋግሞ መቅዳት ነበረበት። በመጨረሻ የተቀዳውም ትንሽ የሚንቀጠቀጥ ነበር፤ ይበቃል ብሎ ተወው።

ጋሽ ባንተአምላክን በትራስ ደግፈው አስቀመጧቸው። ረዲ ታብሌቱን ጉልበታቸው ላይ አደረገና ግራ ጣታቸውን ይዞ ጆጉ ላይ አሳረፈው። "ውሃ ስጪኝ" አለ ታብሌቱ በእትዬ ዘመናይ ድምፅ። እትዬ ዘመናይ ሮጠው ውሃ አመጡ፤ ጋሽ ባንተአምላክም ጠጡ። ሁለቱ ተያዩ። እትዬ ዘመናይ አማተቡ።

"አሁን እርስዎ ራስዎ ይንኩ ጋሼ። የፈለጉትን።"

ጋሽ ባንተአምላክ ብዙ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ዘርግተው ጋቢውን ነኩ። እትዬ ዘመናይ ጋቢውን አለበሷቸው። ገፍተው ጣሉት። "ቶሌ" አሉ። እንደገና ጋቢውን ነኩ። እንደገና ሲያለብሷቸው እንደገና ጣሉት።

"ሞቀህ እንዴ? ላንሳልህ?"

"ቶሌ፣ ቶሌ።"

ሬዲዮውን ነኩ፤ ተከፈተ። ፊታቸው ተኮሳተረ፤ ተዘጋ። መስኮቱን ነኩ፤ ተከፈተ። ውጪው ዝናብ ነበር፤ ብርድ ገባ። እትዬ ዘመናይ መስኮቱ አጠገብ ቆመው ይክፈቱት ወይ ይዝጉት ግራ ገብቷቸው እጃቸውን መዝጊያው ላይ አሳርፈው ቀሩ። ጋሽ ባንተአምላክ ጆጉን ነኩ፣ ጋቢውን ነኩ፣ ግንባራቸውን የያዙትን የእትዬ ዘመናይን ፎቶ ነኩ። "አመመኝ" አለ ታብሌቱ።

"የት? የቱ ጋ ነው?" እትዬ ዘመናይ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን፣ ደረታቸውን፣ ሆዳቸውን ዳበሷቸው። "እዚህ? እዚህ ነው?"

ጋሽ ባንተአምላክ የባለቤታቸውን እጅ ገፉና የአልጋውን ጠርዝ መቱ። ዓይናቸው ከረዲ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ታብሌቱ ይመላለሳል። የሆነ ነገር እንደፈለጉ ሁለቱም ያዩታል። ረዲ "ሰው ይጠራልዎት? መክሊትን? ቄሱን?" እያለ የመጣለትን ሁሉ ጠየቀ። ለሁሉም መልሱ ያው ነበር። በመጨረሻ ደከማቸውና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ቀን የፈለጉት ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ረዲ ሲወጣ እትዬ ዘመናይ እስከ አጥሩ በር ሸኙት። "ሐኪሙ ብሎኝ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ምላሱ ብቻ አይደለም፣ ቃሉ ራሱ ነው የጠፋበት አለኝ። እኔ አልገባኝም ነበር።"

ረዲ ግን ሊተወው አልሆነለትም። ሱቁ ቁጭ ብሎ ሲያስብ፣ ምናልባት የከበዳቸው በሴት ድምፅ መናገር ይሆናል አለ። ዕድሜ ልካቸውን በገዛ አፋቸው የኖሩ ሰው ናቸው። የራሳቸውን ድምፅ ቢሰሙ የተኛው ነገር ይነቃ ይሆናል። ስልኩ ውስጥ ጋሽ ባንተአምላክ በቴሌግራም የላኩለት የድምፅ መልእክቶች ነበሩ። ሱቁን ዘግቶ አንድ በአንድ ሰማቸው።

"ረዲ፣ ይሄ ስልክ ደግሞ አንዴ ይጮኻል አንዴ አይጮህም፣ ምን ነካው? መጣሁ።" "ረዲ፣ ዛሬ ጎበሳ ነኝ፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ነገ እንገናኝ።" "አይ፣ አይሆንም፣ አይሆንም! ለእሱ እንዳትሰጠው፣ ሌባ ነው።" ከኋላ የመኪና ጥሩምባና የሰው ጫጫታ ይሰማል። ረዲ እየሳቀ ጀመረ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋ።

የሚያስፈልገውን ፈለገ። "እሺ" አገኘ። "አይሆንም" አገኘ። "ቆይ" እና "መጣሁ" ነበሩ። "ራበኝ" ግን የለም። "አመመኝ"ም፣ "እርጂኝ"ም የለም። ሰውየው እንዲህ ያለ ነገር ለማንም ልከው አያውቁም። ያገኛቸውን ቆርጦ አዲስ ገጽ ላይ አስቀመጣቸው።

በማግስቱ እንደገና ትራስ ተደገፈላቸው። ረዲ አልነገራቸውም፤ ዝም ብሎ ጣታቸውን ይዞ አስነካቸው። "አይሆንም" አለ ታብሌቱ፣ በወፍራሙ፣ በሞቀው፣ እህል ተራ ሁሉ በሚያውቀው ድምፅ።

ጓዳ የነበሩት እትዬ ዘመናይ ጭልፋ እንደያዙ እየሮጡ ወጡ። ባለቤታቸው ተናግረው መስሏቸው ነበር። ታብሌቱን ሲያዩ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

ጋሽ ባንተአምላክ ታብሌቱን አተኩረው አዩት። አፋቸው ተከፈተ፤ ከንፈራቸው ያንኑ ቃል ሊያወጣ ሲታገል ረዲ አየ። የአንገታቸው ሥር ተገተረ። "ቶ... ቶሌ" አሉ። እንደገና ነኩት። "አይሆንም።" እንደገና ሞከሩ። "ቶሌ።" ነኩት፣ ሞከሩ፣ ነኩት። ረዲ "ይበቃል ጋሼ፣ ይረፉ" ቢላቸውም አልሰሙትም። ከዚያ እንባቸው በግራ ጉንጫቸው ወረደ፤ ታብሌቱን በክርናቸው ገፉት። አልጋው ላይ ወደቀ እንጂ አልተሰበረም።

እትዬ ዘመናይ ጭልፋውን አስቀምጠው ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉላቸው። ረዲ የሚቆምበት ጠፋው። "ይቅርታ እትዬ፣ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነው።"

"አውቃለሁ። ከዚህ አጥፋልኝ ልጄ" አሉት፣ ሳያዩት። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "ካንተ ስልክ ግን እንዳታጠፋው" አሉ።

እዚያው ቆሞ አጠፋው።

ከሰዓት በኋላ መክሊት ደወለች። ከኋላዋ የቢሮ ድምፅ አለ፤ ወረቀት የሚያትም ማሽን ይንጫጫል።

"ሠራልህ? እማዬ ስጠይቃት ረዲን ጠይቂው ትለኛለች።"

"ታብሌቱ ይሠራል" አለ ረዲ።

"አባዬ መጀመሪያ ምን አለ?"

ረዲ ብሎኑን ፈትቶ መዳፉ ላይ የያዘውን የሰው ስልክ አየ። ውሃ አሉ ሊላት ፈለገ። ውሸት ነው ለማለትም ያስቸግራል፤ ጣታቸውን ይዞ ያስነካቸው እሱ ቢሆንም ታብሌቱ ብሏል፣ እሳቸውም ጠጥተዋል።

"መክሊት፣ ዕቃው ምንም የለበትም። አባትሽ ግን የትኛው ሥዕል የትኛው እንደሆነ... ይነካሉ፣ የፈለጉት ግን እሱ አይደለም። እኔም እትዬም ልንደርስበት አልቻልንም።"

ከኋላዋ ማሽኑ ማተሙን አላቆመም።

"ብመጣ የሚለወጥ ነገር ይኖራል?"

"እሱን አላውቅም" አለ።

መክሊት ቅዳሜ መጣች፣ እሑድ ተመለሰች። ምን እንደተነጋገሩ ረዲ አልጠየቀም። ታብሌቱን ግን አልወሰደችውም።

ረዲ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት ሲመለስ በዚያ በኩል ማለፍ ለመደ። አንድ ዓርብ ሲገባ እትዬ ዘመናይ ሾርባ በማንኪያ እያጠጧቸው ነበር። ታብሌቱ ቡፌው ላይ ዳንቴል ተደርቦበት ተቀምጧል። አንስቶ ሲያበራው ባትሪው አልቋል።

"ቻርጅ ላድርገው?"

"አድርገው" አሉ እትዬ ዘመናይ፤ ቀና አላሉም።

ሶኬቱ ላይ ሰክቶ ከአልጋው አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ባንተአምላክ ማንኪያውን በእጃቸው መለስ አደረጉና ወደ እሱ ዞረው ረጅም ነገር ማውራት ጀመሩ። ድምፃቸው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይጠይቃል፣ ይቆጣል፣ በመጨረሻም ምክር የሚሰጥ ሰው ዓይነት ለስለስ አለ፤ ሁሉም በዚያችው ቃል ነበር። ረዲ ጎንበስ ብሎ አዳመጣቸው። ሲጨርሱ መልስ እንደሚጠብቁ ዓይናቸው ላይ አየ። እጃቸውን ያዘ። እትዬ ዘመናይ ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ አድርገው ጠበቁ።