ገላጋይዋ የምትገባው በሦስተኛው ነው

1

በመጀመሪያው ኡኡታ አልገባም። በሁለተኛውም አልገባም። በሦስተኛው ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ በሩን በርግጄ እገባና «በሕግ አምላክ!» እላለሁ።

ሥራዬ ይኼ ነበር።

2

መርማሪው «እማማ፣ የሚያውቁትን ባጭሩ ይሙሉልኝ» ብሎ ቅጽ ሰጠኝ። እማማ! ገና ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የቀበሌ ታይፒስት ነበርኩ፤ የዚህን ልጅ አባት የጋብቻ ማስረጃ ሳልተይብ አልቀርም። ባጭሩ መጻፍ ለእኔ አይነገረኝም። ግን ይኼ ነገር ባጭሩ ከተጻፈ ውሸት ይሆናል። ስለዚህ የሱን ቅጽ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጬ፣ ይኼን ደግሞ በሌላ ወረቀት እየቆራረጥኩ እጽፋለሁ። ቁጥር የማበዛው ልማድ ሆኖብኝ ነው። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እኛ ቢሮ ደብዳቤ አልነበረም።

3

አዳማ። አንድ ግቢ፣ ስምንት ቤት፣ አንድ የውሃ ቧንቧ።

ሁለተኛው ቤት እኔ ነኝ፣ ሙሉሸዋ፣ ብቻዬን። ሦስተኛው ቤት ይድነቃቸውና ትርሲት፣ ባልና ሚስት። እሱ ድሮ ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ እሷ ልብስ ቤት ተቀጥራ ትሸጥ ነበር። ሁለቱም ሥራቸውን ትተው ለስልክ ቪዲዮ መሥራት ጀመሩ። ገጻቸው «የይድኔ ትዳር» ይባላል። ቀልድ ነው፦ እሱ ይቀናል፣ እሷ ትሳደባለች፣ እሱ ይማታል፣ እሷ ኡኡ ትላለች፣ ሰው ይስቃል። የሚስቀው ሰው ሲበዛ ገንዘብ ይመጣል። እንዴት እንደሚመጣ ሦስት ጊዜ አስረድተውኛል፣ ሦስቱንም ጊዜ ገባኝ ብያለሁ።

4

እኔ ምን አውቄ! ገና የገቡ ሰሞን አንድ ቀን ልብስ አጥባለሁ፣ «ኡኡ! ገደለኝ! ያገር ያለህ!» የሚል ሰማሁ። እኛ ስናድግ ኡኡ የተባለበት ቤት ማንም ሳይጠራህ ትገባለህ፤ ወጥህ ቢያር ይረር። ከነባልዲዬ በሩን በርግጄ ገባሁ። ልጁ እጁን አንስቷል። ባልዲውን ከነውሃው አናቱ ላይ ደፋሁበት፤ ከዚያ በባዶው ባልዲ ቀጠቀጥኩት። ቅንድቡ ተተርትሮ ደሙ አገጩ ድረስ ወረደ።

ትርሲት መሬት ላይ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

«እትዬ ሙሉ! ቀረጻ ላይ እኮ ነን!»

ይድነቃቸው ደሙን እንኳ አልጠረገም። ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ ዓይኑ በራ። «እትዬ፣ እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝ። የግራው በኩል አልታየም።»

በሦስት ቀን አንድ ሚሊዮን ሰው አየው። እስከዚያ ቀን በዚያ ገጽ ላይ ከታየው ዱላ ሁሉ እውነተኛው የእኔ ብቻ ነበር።

5

ጥፊ እንዴት ይሠራል (ለጀማሪ)

እጅህን ከጉንጯ አንድ ስንዝር አርቀህ አሳልፍ። እጅህ ሲያልፍ እሷ አንገቷን ታዙር፣ ፀጉሯ ፊቷን ይሸፍን። ያኔ ከካሜራው ውጪ የቆመ ሰው አንዴ ጠበቅ አድርጎ ያጨብጭብ። (ያ ሰው እኔ ነበርኩ። መዳፌ እስኪቀላ።) ለደም ቀይ ሥር ቀቅለህ ጭማቂውን በማር አወፍር። ኡኡታው ከሆድ ይውጣ፣ ሲያልቅ ይርገብ።

ማንንም አትንካ።

6

በአንድ ቪዲዮ አምስት መቶ ብር ይሰጡኝ ነበር። ጡረታዬን ለምታውቁ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ልዋሽ? ከብሩ ይልቅ የጣፈጠኝ ሌላ ነው። ገበያ ስወጣ የባጃጅ ሹፌሩ ሳይቀር «ገላጋይዋ መጣች! በሕግ አምላክ!» ይላል። አንዷ ሙሽራ ከኔ ጋር ፎቶ ካልተነሳሁ ብላ መኪና አስቁማለች። ሃያ ስምንት ዓመት ከታይፕ ኋላ ስቀመጥ ፊቴን ቀና ብሎ ያየ ባለጉዳይ አልነበረም። ሁሉም የሚያየው ወረቀቱን ነው።

ሻሽ መግዛት ጀመርኩ። የብርቱካን ቀለም ያለው በካሜራ ያምርብኛል።

7

ስምምነት

ቁጥር፦ ግ/01

እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው የግቢው ነዋሪዎች፣ ከሦስተኛው ቤት ጩኸት ወይም ኡኡታ በሰማን ጊዜ ቀረጻ መሆኑን ተረድተን፦

ሀ/ ከቤታችን ላንወጣ፣
ለ/ በራችንን ዘግተን ድምፅ ላናሰማ፣
ሐ/ ለመገላገል ላንገባ

ተስማምተናል። በምላሹ አቶ ይድነቃቸው የግቢውን የውሃ ሂሳብ ይከፍላሉ።

(ሰባት ፊርማ፦ የስድስት ቤትና የይድነቃቸው።)

ምን ይደረግ፣ ኡኡ በተባለ ቁጥር ሰው እየሮጠ ገብቶ ቀረጻ ያበላሻል። አምስተኛው ቤት ያለው አቶ ሌንጂሳ እንኳ አንዴ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ፣ በአረፋው መጥቷል። ይድነቃቸው ጻፉልኝ አለኝ፣ ጻፍኩለት። የተየብኩት እኔ ነኝ። አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም።

8

ባለፈው ጥቅምት የሚያያቸው ሰው ቀነሰ። ከቪዲዮው ሥር ሰው የጻፈው ይኼን ነው፦

«ደበራችሁ»

«እጁ እኮ አይነካትም፣ ፌክ»

«ወንድሜ ምታት ካልክ ምታት»

«የድሮው ይሻላል፣ አሮጊቷ በባልዲ የፈነከተችው። ደም እንይ 😂»

አሮጊቷ እኔ ነኝ።

9

ቧንቧው አጠገብ፣ ማክሰኞ ጠዋት፦

እኔ፦ ጉንጭሽ ምን ሆነ?

ትርሲት፦ ቀይ ሥር ነው እትዬ።

እኔ፦ ቀይ ሥር ያሳብጣል?

ትርሲት፦ (ነጠላዋን ጉንጯ ላይ ሳበች።)

እኔ፦ ትርሲት።

ትርሲት፦ ትንሽ ነካኝ። ሳያስበው ነው።

እኔ፦ ስንቴ ነው ሳያስበው የሚነካሽ?

ትርሲት፦ የነካኝ ቀን እኮ ነው ሰው የሚያየን። ይኸው ወደ ቦታችን ተመለስን። የራስሽን ልብስ ቤት ልክፈትልሽ ብቻ፣ ያኔ ከካሜራ ትወጫለሽ ብሎ ምሎልኛል።

እኔ፦ እኔ ቤት ነይና እደሪ።

ትርሲት፦ ኧረ እትዬ ሙሉ! ሰው ምን ይላል?

10

ተናገርኩት። አልተናገርኩም እንዳልባል፣ በሩ ላይ ጠብቄ ተናገርኩት። «ልጄ፣ ልጅቷን እየመታሃት ነው» አልኩት።

እንደ ልማዱ ትከሻዬን አቀፍ አድርጎኝ፣ «እትዬ ሙሉ፣ እኔ ካልመታሁ እርስዎ ምን ሊገላግሉ ነው?» አለኝ።

ሳቅሁ። አፈር ያስበላኝና፣ ሳቅሁ።

11

ቅዳሜ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቀጥታ ስርጭት፣ እነሱ ላይቭ የሚሉት።

ላይቭ ላይ ተመልካቹ በስልኩ ስጦታ ይልካል። አበባ ርካሹ ነው፣ አንበሳ ውዱ። ስጦታው ኋላ ብር ይሆናል። ይድነቃቸው የዚያን ቀን አዲስ ሕግ አወጣ፦ «አንበሳ እስከላካችሁ ድረስ ገላጋይዋ አትገባም!»

እኔ በር ላይ ቆሜ በስልኬ አያቸዋለሁ። አርባ አንድ ሺህ ሰው ገብቷል።

12

በር ላይ

ኡኡ።

«ገላጋይዋን አታስገቧት 😂😂» ይላል አንዱ። አንበሳ። አንበሳ።

13

በር ላይ

ኡኡ

ይኼኛው ከሆድ አልወጣም። ከጉሮሮ ነው የወጣው፣ መሃሉ ላይም ተቆረጠ። እኔ ይኼን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሰባት ዓመቴ ሆኖ አባቴ እናቴን አንገቷን ሲይዛት የሰማሁት ነው። ሰው ይኼን ድምፅ አስመስሎ ሊያወጣው አይችልም።

አንባቢዬ፣ እዚህ ጋ ቆም በይልኝ፣ ወንድም ከሆንክ ቆም በልልኝ። ኋላ ሰው ሁሉ «ቀረጻ መስሏቸው ነው» ይላል። እኔን ቀረጻ አልመሰለኝም።

አወቅሁ።

14

በር ላይ

 

 

 

15

በር ላይ

ሦስተኛው አልመጣም።

ስልኬ ላይ የሚታየው ኮርኒስ ብቻ ነው፤ ስልካቸው ወድቋል። ከውስጥ ድም፣ ድም ይላል። አንድ ነገር እንደ ብርጭቆ ተሰበረ። አንበሳው ይዘንባል።

ከሁለተኛው ኡኡታ እስክገባ አራት ደቂቃ ነው። ሰዓቱ ስልኬ ላይ አለ፣ ልክደው ብልም አልችልም። በአራት ደቂቃ አንድ ገጽ ሙሉ እተይባለሁ።

ምን ሳደርግ ነበር? እሺ፣ ይኸው። የብርቱካኑ ሻሽ ወደ ጎን ተንሸራቶብኝ ነበር። አውልቄ፣ በመስኮቱ መስታወት እያየሁ፣ እንደገና አሰርኩት። አልወደድኩትም። ፈታሁትና ደግሜ አሰርኩት። አርባ አንድ ሺህ ሰው ሊያየኝ ነው፣ ሦስተኛው እስኪመጣ ጊዜ አለኝ፣ እያልኩ።

ራሴን እጠላለሁ። ሌላ የሚጻፍበት ቃል ፈልጌ አጣሁ።

16

ገባሁ።

የስልኩን ስታንድ፣ ብረቱን፣ በሁለት እጁ ይዟል። ደረቷ ላይ በጉልበቱ ተቀምጧል። ፊቷ ፊት አይመስልም ነበር። በሕግ አምላክ አላልኩም። ጀርባው ላይ ዘልዬ ተንጠለጠልኩና ጆሮውን በጥርሴ ያዝኩ፤ እስኪላቀቅ አልለቀቅኩም። በብረቱ ጎኔን አለኝ፣ ሁለት የጎድን አጥንት። ግድግዳው ላይ ወረወረኝ። ከግድግዳው ሥር ሆኜ ኡኡ አልኩ። «ኡኡ! የእውነት ነው! ጎረቤት! የእውነት ነው!»

በሮቹ ሲዘጉ ሰማሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በስምምነቱ መሠረት።

ያስቆመው ሰው አይደለም። ስልኩ ነው። መሬት ላይ ሆኖ ስጦታው ሲንጫጫበት ዞር አለ፣ አነሳው፣ እጁ ደም በደም ሆኖ፣ ጆሮው ተንጠልጥሎ፣ እያለከለከ «እናመሰግናለን፣ እናመሰግናለን ቤተሰብ» አለ። የላኩትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ያነባል። እሱ ስም ሲያነብ እኔ ትርሲትን በብብቷ ይዤ ጎትቼ አወጣኋት። ደጁ ላይ ረጅም ቀይ መስመር ቀረ።

ከሥር የተጻፈው፦ «ገላጋይዋ ዛሬ በልጣለች 🔥🔥🔥»

17

ፖሊስ ሲመጣ ስድስቱም ቤት ያንን ወረቀት እየያዘ ወጣ። ፕላስቲክ ያለበሱትም አሉ። አቶ ሌንጂሳ መሬት መሬት እያየ «ፈርመናል እኮ ጌታዬ» አለ። እንባው ይወርዳል።

18

መርማሪው፣ ትናንት፦

«የይድነቃቸው ጠበቃ ቀረጻ ነው፣ ተስማምተው ነው፣ አደጋ ነው ባይ ነው። ውጪ የነበረ ሰው ለይቶ ሊያውቅ አይችልም፣ እሱም ራሱ የቱ ጋ እንዳለፈ አላወቀም ይላል። ጎረቤቶቹ ያው ምንም አላየንም ነው የሚሉት። አየሁ፣ ሰማሁ የሚል ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ምን ልበልህ ታዲያ?»

«እውነተኛ መሆኑን መቼ እንዳወቁ ይጻፉ። ከመግባትዎ በፊት ካወቁ እሱም ያውቅ ነበር ማለት ነው፣ አለቀለት። ግን ያኔ ለምን ቆሙ ብሎ ጠበቃው ቁም ስቅልዎን ያሳይዎታል፣ በሰው ፊት። ከገባሁ በኋላ ነው ያወቅሁት ካሉ ደግሞ እርስዎን የሚነካዎት የለም። እሱም በዋስ ሳይወጣ አይቀርም።»

ጥሩ ልጅ ነው። እማማ ማለቱን ይቅር ብዬዋለሁ።

19

ሆስፒታል፣ ዛሬ ጠዋት። መንጋጋዋ በሽቦ ታስሯል። የግራ ዓይኗ አይመለስም ብለዋል። በጥርሷ መሃል ነው የምታወራው፣ ጆሮዬን አፏ ላይ አስጠግቼ።

«እትዬ።»

«ወዬ የኔ ልጅ።»

«ሁሉም በሩን ዘጋብኝ።»

«ዝም በይ፣ አትድከሚ።»

«እርስዎ ብቻ…» እጄን ያዘችኝ። ጣቶቿ ሙቅ ናቸው። «እርስዎ ብቻ ገና ስጮህ ሮጠው መጡልኝ። እናቴ እንኳ እንደዚያ አትሮጥልኝም።»

ምን እላታለሁ? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ? ብርድ ልብሷን አስተካከልኩ። የተስተካከለውን ብርድ ልብስ ደግሜ አስተካከልኩ።

«ፖሊሶቹ ጽፈሽ ስጪ አሉኝ» አልኳት።

«ይጻፉ። እሱ ከወጣ ይገድለኛል እትዬ፣ ያውቁታል። ሲጨርሱ ግን እኔ ላንብበው። ገና ስጮህ የመጡበትን ማንበብ እፈልጋለሁ።»

ነገ ጠዋት አመጣልሻለሁ አልኳት። ምዬላት መጣሁ።

20

የምስክርነት ቃል መቀበያ ቅጽ

ስም፦ ሙሉሸዋ ደስታ

ሥራ፦ ጡረተኛ

ጥያቄ 1፦ ድርጊቱ የተፈጸመው የትና መቼ ነው?
መልስ፦ አዳማ፣ በምኖርበት ግቢ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ጥያቄ 2፦ ተጎጂዋን ያውቋታል?
መልስ፦ እንደ ልጄ።

ጥያቄ 3፦ ድርጊቱ እውነተኛ መሆኑን ያወቁት መቼ ነው?
መልስ፦ በሁለተኛው ጩኸት። ከመግባቴ በፊት።

ጥያቄ 4፦ እንዳወቁ ወዲያውኑ ገብተዋል? ካልገቡ ምክንያቱን ያብራሩ።
መልስ፦