ያልተቆረጠው ቀረጻ

ምንይችል ካሜራ የለው፣ መብራት የለው፤ ያለው መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክና የማያርፍ ምላስ ነበር። በምላሱ ሁለት ጓደኞቹን አሳምኖ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ገደል አፋፍ ወሰዳቸው። ሊሠራው ያሰበው ፊልም ወድቆ ከተገኘ የአጋቾች ስልክ ውስጥ የወጣ ቪዲዮ መስሎ የሚታይ ነው። «ምስሉ ይንቀጥቀጥ፣ ድምፁም ይቆራረጥ» አላቸው። «ካማረ ማንም አያምነውም። የድሃ ፊልም ጉልበቱ ይኼ ነው።»

ርብቃ ታጋች፣ በላይነህ አጋች ሆኑ። እሷ የቀይ ሥር ጭማቂ ግንባሯ ላይ አፈሰሰች፤ እሱ ፊቱን በሻሽ ጠቅልሎ ቢላዋ መዘዘ። «ለአገሬው እንንገር እንጂ» ብላው ነበር ርብቃ። ምንይችል ግን «ሰው ከተሰበሰበ ይበላሻል» ብሎ አጣጣለው። ቀረጻው ሲጀመር ርብቃ «ኡኡ! የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች።

ልጅቷ ስትጮኽ ታስደነግጣለች፤ መዘዙም ከዚያ መጣ። ከጉብታው ማዶ ገብስ ሲወቁ የነበሩ ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አውድማ ላይ ጥለው፣ መንሽና ሽመል እንደያዙ ከተፍ አሉ። በዚያ አገር ኡኡታ ሰምቶ የሚቀመጥ የለም፤ ዘንድሮ ደግሞ በእገታው የሁሉም አንጀት አርሯል።

የመጀመሪያው ሽመል የበላይነህን ጉልበት አገኘው። ወደቀ። ሁለተኛው ክንዱ ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ቀጭ አለ። «ፊልም ነው! ምንይችል፣ ንገራቸው!» ብሎ ጮኸ። አንዱ በእርግጫ አፉን ሲለው ጥርሱ ከደም ጋር ወጣ። ርብቃ መሐል ልትገባ ብትሮጥ «አይዞሽ ልጄ፣ ተርፈሻል» ብለው ወደ ኋላ ጎተቷት።

ምንይችል ስልኩን አላወረደም። ሰዎቹ፣ አቧራው፣ ደሙ፣ ሁሉም ሳይለምን የመጣለት ነው። ምስሉ እንዴት እንደሚወጣ እያሰበ ልቡ በደስታ ይዘል ነበር። የነቃው መንሹ የበላይነህ ፊት ላይ ሲሰካ ነው።

«ተዉት! ፊልም ነው!»

አያ ካሳ የሚባሉት ሽማግሌ ዞሩ። «ፊልም? ካሜራው የታለ?»

«ይኼው ስልኩ፣ አያ!»

«በስልክ እየቀረጻችሁ አይደል እንዴ ለወላጅ የምትልኩት!» አሉና ሽመላቸውን ጭንቅላቱ ላይ አሳረፉበት። ፊልም መሆኑን የሚያስረዳ አንድም ነገር ይዘው እንዳልመጡ ምንይችል መሬት ላይ ተዘርሮ ገባው። ያተረፈቻቸው ርብቃ ናት፤ ከያዟት አምልጣ በላይነህ ላይ ተደፋችና ግንባሯን በነጠላዋ ጠርጋ ቁስል እንደሌለባት አሳየች። አያ ካሳ «ወይኔ ልጄን!» ብለው ሽመላቸውን ጣሉ። በላይነህን በቃሬዛ ሐኪም ቤት ያደረሱትም እነሱው ናቸው።

የበላይነህ ግራ ዓይን ጠፋ። ምንይችል ራሱን በፋሻ ጠቅልሎ ሊጠይቀው ሄደ።

«ስጠራህ አልሰማኸኝም?» አለው በላይነህ።

«በማርያም አልሰማሁም! በዚያ ሁሉ ጫጫታ!»

«እስቲ ስልኩን አምጣው።»

መከልከል አፈረ። በላይነህ በደህና እጁ ተቀብሎ፣ በቀረችው ዓይኑ ማየት ጀመረ። እንዲህ ያለ ስልክ ከሩቁ ድምፅ ይልቅ የቅርቡን አጉልቶ ነው የሚይዘው። ዱላውም፣ የርብቃ ለቅሶም፣ «ምንይችል! ምንይችል!» የሚለው ጥሪም ታፍኖ ይሰማል። ከሁሉ ጎልቶ የወጣው የምንይችል የራሱ ሹክሹክታ ነበር፤ «ጎበዝ በላይነህ! ጥራኝ፣ እንደገና ጥራኝ።»